ከውጭ የሚቆለፍ በር

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ባለችው ሱቄ የምሸጠው የበር ዕቃ ነው፤ ማጠፊያ፣ መቀርቀሪያ፣ ሰንሰለት፣ ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ግን ተንጠልጣይ ቁልፍ። ክረምት ሲቃረብና መስቀል ሲደርስ ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ ይበዛል። ይህ ደንበኛ የዕቃ ስም አይጠራም፤ የአውሬ ስም ነው የሚጠራው። «ከርከሮ አስቸገረኝ» ካለ እሾሃማ ሽቦ አወጣለታለሁ። «ጃርት እንሰቴን ጨረሰው» ካለ ዓይኑ ጠበብ ያለ የሽቦ መረብ አሳየዋለሁ። «ጦጣ» ካለ ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ፤ ለጦጣ መርካቶም መላ የላትም። «ጅብ» ሲል ግን ደስ ይለኝ ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ ጡጫ የምታህለውን ቁልፍ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደርግና «ይቺን ጅብ ከነአባቱ ቢመጣ አይከፍታትም» እለዋለሁ።

የሚያስቀው፣ በልጅነቴ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ እኔ ራሴ ጅብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የአውሬ ሊቅ ሆንኩ። አጥር በስንት ክንድ እንደሚተከል፣ በር በምን እንደሚጠበቅ አስተምር ነበር። ሰዎቹም አመስግነውኝ ይሄዳሉ። ይህን የማነሳው ልኩራራ ብዬ አይደለም። እናቴ ቀኝ እጇ ላይ ሦስት ጣት ብቻ የቀራት በዚሁ በእኔ ሊቅነት ስለሆነ ነው።

የተወለድኩት ጉራጌ አገር፣ አባቴ በሠራው ሰፊ ጎጆ ውስጥ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ ምሰሶው፣ በግራ እኛ፣ በቀኝ ከብቶቹ። ሲመሽ ላሞቹ ቀድመውን ይገባሉ። አባቴ የመጨረሻው ሆኖ ይገባና በሩን ከውስጥ በወፍራም የወይራ መቀርቀሪያ ይዘጋዋል። እሱ ከሞተ በኋላ መቀርቀሪያውን የምትጥለውና የምታነሳው እናቴ ሆነች። ወንድሞቼ አንድ በአንድ ተከትለውኝ ወጡ። ከብቶቹም እያለቁ ሄደው አንዲት ላም ቀረች። እናቴና ላሚቱ ያን ሁሉ ስፋት ለሁለት ተካፍለው ያድሩ ነበር።

«ብቻሽን ስታድሪ አትፈሪም ወይ?» ስላት ትስቅብኛለች።

«ብቻዋን ናት ያለህ ማነው? ጅብ ሲመጣ ቀድማ የምትሰማው ላሚቱ ናት። እሷ ስትደነግጥ እኔ እነቃለሁ። እኔ ነቅቼ ሳል ሳደርግ ሰው መኖሩን ያውቅና መንገዱን ይሄዳል።»

ጥበቃዋ ይኸው ነበር፤ አንድ ላም፣ አንድ ሳል፣ አንድ መቀርቀሪያ። በዚህ ጥበቃ ስንት ክረምት ወጥታለች። ከእኔ ሱቅ አንድም ነገር አስፈልጓት አያውቅም።

መርካቶ ያለ የአገሬ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ትንሽ ሞላ ሲልልኝ ከጎጆው ፊት የቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት፣ ሶፋው ላስቲኩ ያልተነሳ። ለመስቀል ስንገባ ይከፈታል፣ ስንወጣ ይቆለፋል፣ ዓመቱን ሙሉ ቁልፉ መርካቶ ይከርማል። እናቴ እዚያ እንድታድር ለምኛት ነበር። አንድ ሌሊት አድራበት «ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ይጮኻል። የውጭውን ሳልሰማ እንዴት አድርጌ ልተኛ?» አለችና ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። መንደራችን መሐል ባለው ሰፊ መስክ፣ በጀፎሮው ግራና ቀኝ፣ እንዲህ ያለ ቤት ያልሠራ የለም። ሁሉም ተቆልፏል፤ ባለቤቶቹ እዚህ መርካቶ ናቸው። ቁልፎቹንም የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ የአገሬ ልጆች ናቸው ብዬ ቅናሽ ሁሉ አድርጌያለሁ።

አንድ መስቀል ላይ ከመርካቶ እንግዶች ይዤ ገባሁ። ከመካከላቸው አንዱ የጅምላ ነጋዴ ነው፤ ማን እንደመከረው እንጃ፣ ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር የመጣው። እናቴ «እኔ ጎጆ ካልበላችሁ» ብላ ሙጭጭ አለች፤ ገባን። ሰውየው ለመቀመጥ ዞር ሲል እግሩ እበት ውስጥ ጠለቀ። ላሚቱ ከማዶ ሆና ታመነዥካለች። ሰውየው ጫማውን አየ፣ ላሚቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየና «አንተ ለአገር በር እየሸጥክ እናትህ ከላም ጋር ያድራሉ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። እኔ ግን ክትፎውን ከፊቴ ገፋሁት። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን ስለ እናቴ ጤናም ሆነ ምቾት አላሰብኩም። አፈርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መርካቶ በተመለስኩ በሳምንቱ የበረት ዕቃ ማሰባሰብ ጀመርኩ፤ ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ሚስማር። የተከራየሁት አይሱዙ ላይ ስናስጭን ጎረቤቴ ሀጂ ከሱቃቸው ወጥተው ቆሙ። ሀጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ። እኔ ሱቅ ስከፍት ጢማቸው ነጭ ነበር፤ አሁንም ነጭ ነው።

«ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ።

«በረት ነው ሀጂ። ለእናቴ ላም።»

«በሩስ?»

ያቺን ትልቋን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና መለሱልኝ።

«ይሄ እኮ የሱቅ ቁልፍ ነው። ከውጭ የሚቆለፍ ነው። ላሚቱን ቆልፈህባት ልትሄድ ነው? ሰው ከሌለበት ቤት አይባልም፤ መጋዘን ነው።»

«ዘመኑ ተቀይሯል እኮ ሀጂ።»

«ጅቡም ተቀይሯል በለኛ» አሉና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

ሳቅኩባቸው። መርካቶ ውስጥ ሁላችንም በራችንን ከውጭ ቆልፈን ነው የምንሄደው። ውስጥ ያለው ዕቃ ነው፣ ዕቃ አይፈራም፣ ልውጣ አይልም። ሌባውም ሰው ነው፤ የቁልፉን ትልቅነት አይቶ ይተዋል። ሕይወቴን ሙሉ ስሸጥ የኖርኩት ይህን ነው፤ ሌላ ዓይነት በር መኖሩን፣ ያውም የተወለድኩበት ቤት በር መሆኑን፣ ረስቼው ነበር።

በረቱ በሦስት ቀን ቆመ። አንዱን መክፈቻ በክር አድርጌ እናቴ አንገት ላይ አንጠለጠልኩላት፣ ሌላውን ይዤ ልመለስ ሆነ። ላሚቱን ወደ አዲሱ ቤቷ የነዳኋት እኔው ነኝ። አሻፈረኝ ብላ ፊቷን ወደ ጎጆው አዙራ ቆመች፤ ገፍቼ አስገባኋትና ቆለፍኩ። እናቴ ዳር ቆማ ታያለች። ልጆቿ ባመጡት ነገር አትከራከርም፤ «ልጄ ደክሞበት» ብላ ነው የምትቀበለው። ከዚያ በኋላ ስደውል «ላሚቱስ?» እላታለሁ። «እዚያ ናት፤ ስትተነፍስ ግን አልሰማትም» ትለኛለች። ትለምዳለች ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት፣ ሱቁን ገና ስከፍት ስልክ ተደወለ። የእናቴ ጎረቤት ናቸው፤ በዚያ ሁሉ የተቆለፈ ቤት መሐል የቀሩ አንድ ሽማግሌ።

«እናትህን ትንሽ አሟታል። ደህና ናት፤ ግን ዛሬውኑ ና።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚባለው ይኸው ነው። «ትንሽ አሟታል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሱቁን ሀጂ ዘጉልኝ። ከመርካቶ እስከ አገሬ፣ መኪናው ውስጥ ከሰው ትከሻ ጋር ተጣብቄ፣ በልቤ እናቴን ቀበርኳት፤ ድንኳን ተከልኩ፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስደርስ በሕይወት አገኘኋት። ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ናት፣ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«በሩን ከፈታችሁላት?» አለች።

የሆነውን የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጅቦቹ በሩን አልነኩትም፤ ያን ሁሉ የደነፋሁለትን ቁልፍ ዞር ብለውም አላዩት። ከጀርባ በኩል፣ ከቆርቆሮው ሥር የራሰውን አፈር ቆፍረው ገቡ። ላሚቱ ከኋላዋ ጅብ፣ ከፊቷ የተቆለፈ በር ሆነባት። በሩን በቀንዷ ስትመታው እናቴ ነቃች። እንደ ድሮው ብትስል ማን ይሰማታል? መሐላቸው ግቢ አለ፣ ዝናብ አለ፣ የሚጮህ ቆርቆሮ አለ። ስለዚህ መቀርቀሪያዋን አንስታ ወጣች። ያን መቀርቀሪያ ጅብ ባለበት ሌሊት አንስታው አታውቅም ነበር።

ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ በጨለማ ቀዳዳውን ስትፈልግ፣ ከውጭ የቀረው ጅብ ዞሮ መጣባትና እጇን ያዘ። ጮኸች። ከእሷ ቤት እስከ ሽማግሌው ቤት ድረስ ያሉት ቤቶች በሙሉ የእኛ የመርካቶዎቹ ናቸው፤ በእያንዳንዱ በር ላይ የሸጥኩት ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚነቃ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ቁራጭ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ እስኪደርሱ ድረስ ብቻዋን ታግላለች። እሳቸው ሲደርሱ ጅቡ ለቋት ሄደ፤ የውስጦቹ ግን ሥራቸውን አልጨረሱም ነበር። «ገብቼ ማባረር አልቻልኩም ልጄ፤ በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ከእጇ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። ይቅርታ የሚጠይቁኝ ይመስል ነበር።

በያዝኩት ቁልፍ በረቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ተንጠልጣዩ ቁልፍ ምንም አልሆነም፤ ዝናቡ እንኳ አላዛገውም። ከበሩ በውስጥ በኩል፣ ቀንድ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ቆርቆሮው ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ከላሚቱ የተረፈውም እዚያው በሩ ሥር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዘው «ላም ናት፣ ትተካለች» አሉኝ። ለላም እንደማላለቅስ ግን ያውቁ ነበር።

ሁለት ጣቶቿ ሄዱ፣ አውራ ጣቷ መታጠፍ አቆመ። መርፌዋን ጨርሳ ቁስሉ ሲደርቅ ወደ አዲስ አበባ አመጣኋት። «ላም የሌለበት ቤት ምን እሠራለሁ?» ብላ ነው እሺ ያለችኝ። ቤታችን አማኑኤል አካባቢ ነው። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል፤ እኔና ሚስቴ ጠዋት ወደ ሱቅ እንሄዳለን። እናቴ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ድሮ ብቻሽን ነሽ ስላት ያሳቃት ነገር አሁን እውነት ሆነ።

እሺ ያለችው ግን በአፏ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ጠፋች። የመጀመሪያውን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጣ አገኘናት። በሁለተኛው ያገኘኋት ጎጃም በረንዳ ነው። ጋሪ ገፊዎቹ «ዞር በሉ እማማ!» እያሉ ይጮኹባታል፣ እሷ ከአንዱ የጭነት መኪና ወደ ሌላው ከዘራዋን ተመርኩዛ እየሄደች አገሯ የሚያደርሳት ሾፌር ትፈልጋለች። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። ያን ቀን ፈራሁ። ይህ ሰፈር እኔን አሳድጎኛል፤ ስንቱን እንደዋጠ ግን አውቃለሁ።

በማግስቱ በራችን ላይ የቁልፍ ማንጠልጠያ ገጠምኩና ከውጭ ቆለፍኩት። ሚስቴ «ኧረ ተው፣ ነውር ነው» አለችኝ። «ለእሷው ብዬ ነው» አልኳት። ምሳዋ ተሸፍኖ ይቀመጥላታል፣ ውኃ አለ፣ ሬዲዮ አለ፤ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፖፖ አደረግንላት። ስንወጣ «በደህና ዋሉ» ትለናለች፣ ስንገባ «እንደምን ዋላችሁ» ትለናለች። አንድም ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችም። ልጄ ደክሞበት ብላ ይሆናል። ቁልፏን ያመጣሁት ከሱቄ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ነው። እጄ ለምዶ አነሳት፤ ምንም አላሰብኩም።

ከጥቅምት እስከ ጥር እንዲህ ከረምን። እኔም በሰላም እሸጥ ነበር። እንዲያውም «ጅብ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ቁልፍ ማውረድ ትቼ «ላሟ የት ነው የምታድረው? ማን አብሯት አለ? በሩ ከየት በኩል ነው የሚዘጋው?» እያልኩ መጠየቅ ጀምሬ ነበር። ትምህርት የወሰድኩ መስሎኝ። እናቴን ቆልፌባት እንደምውል ለሀጂም ነገርኳቸው፤ ከቤት እንዳትጠፋ ያገኘሁት መላ ነው ብዬ። ገመዳቸውን መጠቅለል ጀመሩና ወሬ ቀየሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከእኛ ሁለት መደዳ አልፎ ጭስ ተነሳ። መርካቶ ውስጥ «እሳት!» የሚለውን ቃል የሚቀድም የለም። ሁሉም ዕቃውን ማውጣት ጀመረ። እኔም ጀመርኩ፤ ሚስቴ ሰንሰለት ታቀብለኛለች፣ እኔ ጋሪ ላይ እወረውራለሁ። ሀጂ ያን ሁሉ ጆንያቸውን ትተው መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«እናትህስ?»

«ቤት ናት። እዚያ እኮ አይደርስም ሀጂ።»

«ይደርሳል አልወጣኝም። ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ እዚያ ቢሆን ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ቁልፉ የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ነበር። ክብደቱ ጭኔ ላይ ተሰማኝ። የያዝኩትን ጥዬ ሮጥኩ። በኋላ እንደሰማሁት የነደደው አንድ የካርቶን ክምር ነው፤ ቶሎ ጠፋ። እኔ ግን ከሰባተኛ እስከ አማኑኤል በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሰው ጋር እየተላተምኩ፣ ሲሰድቡኝ እየሰማሁ ሮጥኩ።

ቁልፉን ፈትቼ በሩን ስገፋው አልገፋ አለኝ። «ቆይ፣ ልነሳ» የሚል ድምፅ ከሥሩ ሰማሁ። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር። አልጋ አለ፣ ወንበር አለ፣ እሷ ግን በሩ ሥር። ስትነሳልኝ ገባሁና በሩን መልሼ ስዘጋው በውስጥ በኩል ያለውን አየሁ። ቀለሙ ተላልጧል፤ ከዘራዋ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ላሜራው ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። በሩ ሲከፈት ያ ጎኑ ወደ ግድግዳው ስለሚዞር፣ ማታም በጨለማ ስለምዘጋው፣ ለወራት ስገባ ስወጣ አላየሁትም።

«ማንን እየጠራሽ ነው?» አልኳት፤ የምለው ጠፍቶኝ።

«ማንንም። ቀኑ ሲረዝምብኝ እንዲሁ አንኳኳለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቀችኝ። «ላሚቱም እንዲህ ሆና ነው አይደል የቆየችው?»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ የቁልፍ ማንጠልጠያውን ነቀልኩት። ከሱቄ ምንም አልወሰድኩም። አናጢ ዘንድ ሄጄ የአባቴን ቤት የሚመስል ወፍራም የወይራ መቀርቀሪያ አስጠረብኩ፤ ማረፊያውንም ከውስጥ አስበየድኩ። እናቴ በደህና እጇ ዳሰሰችው፣ አሸተተችውም። ትጠፋብኛለች ብዬ እፈራለሁ፤ ግን እፈራለሁ እንጂ አልቆልፍም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ብቻዋን አልወጣችም። ጠዋት ስንወጣ ከኋላችን መቀርቀሪያውን ስትጥለው እሰማለሁ። መጣሉ ቀላል ነው።

ማታ ስመለስ አንኳኳለሁ። «ማነው?» ትላለች፤ እያወቀች። «እኔ ነኝ» እላለሁ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ለማንሳት ትታገላለች። ይንሸራተትና ተመልሶ ይወድቃል፤ እንደገና ትይዘዋለች። ቀለል ያለ እንጨት ላስገባልሽ ብላት «ቀላልማ ምን ይጠብቃል?» ብላ እምቢ አለች። በእኔ በኩል የሚያዝ ነገር የለም፤ እጀታ የለ፣ ቁልፍ የለ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ፣ በእነዚያ ሦስት ጣቶቿ ስትታገል ትንፋሿን እየሰማሁ፣ ከውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ።